መቻል የማይመከርበት መድኃኒት

አቤማሲክሊብ የታዘዘላት ሴት ከፋርማሲ ስትወጣ ሁለት መድኃኒት ይዛ መውጣት አለባት። አንደኛው በገበያ ስሙ ቨርዜኒዮ የሚባለው፣ ጠዋትና ማታ የሚዋጠው ዋናው ኪኒን ነው። ሁለተኛው ሎፐራማይድ ነው፤ ብዙ ሰው ኢሞዲየም በሚለው ስሙ የሚያውቀው የተቅማጥ ማስቆሚያ። የመጀመሪያው የጡት ካንሰር እንዳያገረሽ ይከላከላል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው በመሀል እንዳይቋረጥ ያግዛል።

ሁለተኛውን ሳትይዝ ቤቷ የገባች ታካሚ ችግሩ የሚገጥማት ብዙ ሳትቆይ ነው። በመድኃኒቱ ላይ በተደረጉ አራት ትልልቅ ጥናቶች ከወሰዱት ሰዎች ከ81 እስከ 90 ከመቶ የሚሆኑትን ተቅማጥ ይዟቸዋል። የጀመራቸውም አብዛኛውን ጊዜ ኪኒኑን መዋጥ በጀመሩ በሳምንቱ ገደማ ነው። እንደ ጥናቱ ዓይነት ከ8 እስከ 20 ከመቶ በሚሆኑት ላይ ደግሞ ተቅማጡ ከባድ ከሚባለው ደረጃ ደርሷል።

ደጉ ነገር፣ ይህ የጎንዮሽ ጉዳት መምጫው አስቀድሞ የሚታወቅ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከተነገረና እርምጃ ከተወሰደበት በአብዛኛው እዚያው ቤት ውስጥ ይመለሳል። ክፉው ነገር ብዙዎች አለመናገራቸው ነው። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ሕመሟን ችላ የምታሳልፍ ሴት ትመሰገናለች። ነርሷ ደውላ «እንዴት ሰነበቱ?» ስትል ብዙ እናቶች ሌሊቱን አምስት ጊዜ ሲነሡ አድረው እንኳ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። በሌላ ጊዜ ጨዋነት የሆነው ይህ መልስ እዚህ ላይ ሕክምናውን ራሱን ያሰናክላል። በዝምታ የቻለችው ሴት ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ አቅሟ አልቆ ኪኒኑን በራሷ ታቆማለች፤ ወይም ከሰውነቷ ፈሳሽ አልቆ ድንገተኛ ክፍል ትገባለች።

ኪኒኑ ምን ይሠራል?

የሰውነት ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት እንደ ኬላ ያለ መቆሚያ አለው። እዚያ ላይ «ዝግጁ ነህ? ማለፍ ትችላለህ?» የሚሉ ፕሮቲኖች ይቆጣጠሩታል። የዚህን ቁጥጥር ምሥጢር የፈቱት ሌላንድ ሃርትዌል፣ ቲም ሃንትና ፖል ነርስ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል የሕክምና ሽልማትን ተጋርተዋል። ሥራቸው የተጀመረው በእርሾና በባሕር እንስሳ እንቁላል ላይ ነበር። ውጤቱ ግን ለካንሰር ሕክምና ትልቅ በር ከፈተ። ሲዲኬ4 እና ሲዲኬ6 የሚባሉት ሁለቱ ፕሮቲኖች በብዙ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ውስጥ ያለ ልክ እየሠሩ ሕዋሱን ያለ ማቋረጥ እንዲራባ ይገፉታል። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ የሚያግድ መድኃኒት ከተገኘ ካንሰሩ መራባቱን ያቆማል ማለት ነው።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሪቻርድ ፊንና ዴኒስ ስላሞን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት የላቦራቶሪ ሥራ እንዲህ ያለው መድኃኒት በተለይ የኢስትሮጅን ሆርሞን የሚያሳድጋቸውን የጡት ካንሰር ሕዋሳት እንደሚያቆም አሳዩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ኪኒኖች ተከታትለው በአሜሪካ ፈቃድ አገኙ፤ ፓልቦሲክሊብ በ2015፣ ራይቦሲክሊብና አቤማሲክሊብ በ2017። ሦስቱም የሚሰጡት የሆርሞን ተቀባይ ላለው፣ ኸር-ቱ የሚባለው ፕሮቲን ግን ላልበዛበት የጡት ካንሰር ነው። በዓለም ላይ ከሚታዩት የጡት ካንሰሮች ትልቁ ድርሻ የዚህ ዓይነት ነው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙ ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም አብዛኞቹ ዕጢዎች የሆርሞን ተቀባይ እንዳላቸው አሳይተዋል።

አቤማሲክሊብን የሚያመርተው ዋና መሥሪያ ቤቱ በኢንዲያናፖሊስ ያለው ኢላይ ሊሊ ነው። ይህን መድኃኒት በስፋት ያሳወቀው ሞናርክ-ኢ የተባለው ጥናት ሲሆን በ38 አገሮች 5,637 ታካሚዎች ተሳትፈውበታል። ካንሰራቸው በብብት ሥር ወዳሉት ንፍፊቶች የተዛመተና የማገርሸት ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። ቀዶ ሕክምናቸውን ጨርሰው ግማሾቹ የተለመደውን የሆርሞን ማገጃ ብቻ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከእሱ ጋር አቤማሲክሊብን ለሁለት ዓመት እንዲወስዱ ተደረገ። ከአምስት ዓመት በኋላ ካንሰሩ ሳያገረሽ የኖሩት በመጀመሪያው ቡድን 76.0 ከመቶ፣ በሁለተኛው 83.6 ከመቶ ሆኑ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ለዚህ አገልግሎት ፈቀደው፤ በመጋቢት 2023 ደግሞ ፈቃዱን አሰፋው።

ከመቶ ሴቶች ሰባት ስምንቱ ካንሰር እንዳይመለስባቸው የሚያደርገው ይህ ልዩነት የሚገኘው ግን ኪኒኑ ሲዋጥ ነው። ስለዚህም የሆድ ነገር ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ሆድን ለምን ያውካል?

የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በየጥቂት ቀኑ የሚታደስ ነው። ከሰውነት ሕዋሳት ሁሉ ፈጥነው ከሚራቡት አንዱ እሱ ነውና የሕዋስ መራባትን የሚያግድ መድኃኒት እሱንም ይነካዋል። ፓልቦሲክሊብና ራይቦሲክሊብ የበለጠ የሚጫኑት ደም የሚፈጠርበትን መቅኔ ስለሆነ ሦስት ሳምንት ተውጠው አንድ ሳምንት ዕረፍት ይሰጣቸዋል። አቤማሲክሊብ ለመቅኔ ቀለል ይላል፤ በዚህም ምክንያት ያለ ዕረፍት በየቀኑ ይዋጣል። ክብደቱ የሚያርፈው አንጀት ላይ ነው።

ተቅማጡ ከፍ የሚለው በመጀመሪያው ወር ነው። ከዚያ በኋላ በአብዛኞቹ ላይ ይቀንሳል፤ ሰውነት ይለምደዋል፣ ታካሚዋም ሎፐራማይዱን መቼ መዋጥ እንዳለባት ታውቃለች። ስለዚህ ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ነው። ረጅም ጉዞ፣ ሠርግ፣ አዲስ ሥራ መጀመር በዚያ ወር ባይገጥም ይመረጣል።

የመጀመሪያው ቀን

ደንቡ ቀላል ነው። ሰገራ ቀጠን ማለት እንደጀመረ፣ ገና አንዴ ሆኖ ሳለ፣ ሎፐራማይድ ይዋጣል፤ ፈሳሽ በብዛት ይጠጣል፤ ወደ ሐኪም ቤቱም ይደወላል። «ነገ ይሻለኝ ይሆናል» ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም።

የሎፐራማይድ የተለመደ አወሳሰድ መጀመሪያ 4 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 2 ሚሊ ግራሙን ሁለት ፍሬ፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ የቀጠነ ሰገራ በኋላ አንድ ፍሬ ነው። በሐኪም ክትትል ሥር እንኳ በቀን ከ16 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ ከልክ ያለፈ ሎፐራማይድ የልብን ምት ያዛባልና። ፋርማሲ የሚሸጠው ዕቃ ላይ የተጻፈው ወሰን ከዚህ ያንሳል። ስለዚህ የራሷን ወሰን ታካሚዋ ከካንሰር ሐኪሟ አጽፋ ትያዝ። ተቅማጡ ከደም ጋር ከመጣ ወይም ትኩሳት ካለው ግን ማስቆሚያውን ከመዋጥ በፊት መደወል ይቀድማል፤ ይህ የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሐኪሞች የተቅማጥን ክብደት የሚለኩት ከታካሚዋ ከራሷ ልማድ ጋር እያነጻጸሩ ነው። በፊት በቀን አንዴ ትወጣ የነበረች ሴት እስከ አራት ጊዜ ከወጣች አንደኛ ደረጃ ነው። አምስት፣ ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ከሆነ ሁለተኛ ደረጃ ይባላል። ስምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሦስተኛ ነው። ሁለተኛው ደረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልቀለለ ሐኪሙ ኪኒኑን ለጥቂት ቀናት ያስቆማል። ሦስተኛ ከደረሰ ወይም ሆስፒታል መተኛት ካስፈለገ ወዲያው ይቆምና ሲሻላት በዝቅተኛ መጠን ይጀመራል። ለዚህ ሁሉ ስንት ጊዜ እንደወጣች መቁጠር ያስፈልጋል። በስልክ ላይም ሆነ በወረቀት ላይ ሰዓቱንና ቁጥሩን የጻፈች ሴት ለነርሷ በአንድ ደቂቃ የምትነግራት ነገር «ሆዴ ትንሽ ተበላሽቷል» ከማለት እጅግ የተሻለ ነው።

ፈሳሹን በተመለከተ ተራ ውሃ ብቻውን አይበቃም፤ ተቅማጥ ጨውንም ይዞ ይወጣል። በአገር ቤት «ለምለም» በሚለው ስም የሚታወቀው የሕፃናት የተቅማጥ ዱቄት ለአዋቂም ያገለግላል። በውጭ አገር ፋርማሲዎች ተመሳሳይ የተዘጋጀ ዱቄት አለ። የአጥንት ሾርባ ከላዩ ስቡ ተገፎ ሲጠጣ ይረዳል። ሽንት ጠቆር ካለ፣ አፍ ከደረቀ፣ ስትነሣ ካዞራት የጠጣችው አልበቃም ማለት ነው።

ማዕዱስ?

እንጀራና ወጥ ሳይለምዱት የመጣ ምግብ አይደለም፤ ይሁንና አንጀት በተቆጣ ጊዜ በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ ምስር፣ ሽንብራ፣ ጎመንና ብዙ ቅቤ ነገሩን ያባብሳሉ። ለጥቂት ቀን ነጭ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንችና ካሮት፣ ሙዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ የተቀቀለ ዶሮ ይሻላሉ። ገንፎም ይበላል፤ በርበሬና ቅቤው ግን ለሌላ ጊዜ ይቆይ። አጥሚት ቀጠን ብሎ ሲጠጣ ፈሳሽም ምግብም ይሆናል። ቡና አንጀትን ስለሚያነቃ ሦስቱንም ስኒ ከመጨረስ በአቦሉ ማብቃት ይመረጣል። ወተት አንዳንዱን ሆድ ስለሚያውክ ተሞክሮ የሚታይ ነው። በጥቂቱ ቶሎ ቶሎ መብላት አንዴ ጠግቦ ከመብላት ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ከተቅማጡ ጋር ሳይያያዝም መታወቅ አለበት። ይህ መድኃኒት ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚቀንስ ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት ወይም ከእሱ የተሠራ እርጎ በሕክምናው ጊዜ አደገኛ ናቸው። ክትፎው በደንብ ይብሰል። እንግድነት ሄዳ ጥሬ ሥጋ የቀረበላት ሴት ሐኪሟ እንደከለከላት ብትናገር ማንም አይቀየማትም።

መጠን መቀነስ መሸነፍ አይደለም

ታካሚዎች ተቅማጣቸውን የሚደብቁበት አንዱ ምክንያት ሐኪሙ መጠኑን እንዳይቀንስባቸው ነው። «ያነሰ መድኃኒት፣ ያነሰ ጥበቃ» ብለው ያስባሉ። ሥጋቱ ሊገባ የሚችል ነው፤ መረጃው ግን ሌላ ይናገራል።

ሕክምናው የሚጀመረው በቀን ሁለት ጊዜ 150 ሚሊ ግራም በመዋጥ ነው። ካስቸገረ ወደ 100፣ ቀጥሎም ወደ 50 ሊወርድ ይችላል። በሞናርክ-ኢ ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት ሴቶች 43 ከመቶ ያህሉ መጠናቸው ተቀንሶላቸዋል። ተመራማሪዎች ታካሚዎቹን ከተወሰነላቸው መጠን ምን ያህሉን እንደወሰዱ በሦስት ቡድን ከፍለው ሲያነጻጽሩ ከአራት ዓመት በኋላ ካንሰሩ ሳያገረሽባቸው የኖሩት በጥቂቱ ከወሰዱት ቡድን 87.1፣ በመካከለኛው 86.4፣ በብዛት ከወሰዱት 83.7 ከመቶ ሆኑ። ዝቅተኛ መጠን ከከፍተኛው ይበልጣል ማለት አይደለም። ትርጉሙ መጠኑን የቀነሰችው ሴት ጥበቃዋ አልጎደለባትም ማለት ነው። ከዚያው ጥናት በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ኪኒኑን ጨርሰው የተዉት 18.5 ከመቶ ነበሩ፤ በተቅማጥ ምክንያት ብቻ የተዉት ደግሞ ወደ 5 ከመቶ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ መጀመሪያ መጠኑን ለመቀነስ ሳይሞክሩ ነው ያቆሙት።

ሐኪሙ «ወደ 100 እንውረድ» ሲል እንግዲህ ሕክምናውን ለሁለት ዓመት ለማዝለቅ የሚያስችል ውሳኔ እየወሰነ ነው። በራስ ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ኪኒን ከተረሳ ወይም ከተዋጠ በኋላ ትውከት ከመጣ እሱን ለመተካት ተጨማሪ መዋጥ አይገባም፤ ቀጣዩ በሰዓቱ ይዋጣል።

የደም ምርመራው ምን ይነግራል?

ኪኒኑ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየሁለት ሳምንቱ፣ በቀጣዮቹ ሁለት ወራት በየወሩ የደም ምርመራ ይደረጋል። የሚፈለጉት የነጭ ደም ሕዋስ ብዛትና የጉበት ሁኔታ ናቸው። ሁለቱም ቢዛቡ የሚያሳዩት ስሜት የለም፤ ቀጠሮ መዝለል የማይገባው ለዚህ ነው።

በዚህ ቦታ ላይ ለኢትዮጵያውያንና ለሌሎች አፍሪካውያን ትውልዶች ልዩ የሆነ ነገር አለ። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ብዛት በብዙ አፍሪካውያን ላይ በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ነው። ምክንያቱ በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የሚገኘው ደፊ የተባለው ፕሮቲን አለመኖር ነው፤ ይህ የዘር ባሕርይ ከአንድ ዓይነት ወባ ስለሚከላከል በአፍሪካ ሰፍቷል። ቁጥሩ ዝቅ ቢልም ሰውየው ኢንፌክሽን አይበዛበትም። በእስራኤል የሚሠሩ ሐኪሞች በቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ዘንድ ይህን ካወቁት ቆይተዋል። ችግሩ የሚመጣው የመደበኛው ልክ በአውሮፓውያን ደም ላይ ተመሥርቶ ስለወጣ ነው። ቁጥሯ ከጥንቱ ዝቅ ያለ ሴት መድኃኒቱ እንደጎዳት ተቆጥሮ ሳያስፈልግ ሊቋረጥባት ይችላል።

ይህን ለማየት በዋሽንግተን ከጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የተነሡ ተመራማሪዎች ፓሊና በተባለ ጥናት ለ35 ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ፓልቦሲክሊብ ሰጥተው ተከታተሉ። ከመካከላቸው የኒውትሮፊል ቁጥር ቀንሶ በትኩሳት የታመመ አልነበረም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ መልእክቱ ግን ለታካሚ ይጠቅማል። ካንሰሩ ከመታወቁ በፊት የተደረገ አሮጌ የደም ምርመራ ወረቀት ያላት ሴት ለሐኪሟ ታሳይ። የቀደመ ቁጥሯ የሚታወቅላት ታካሚ ውሳኔዋ በትክክለኛ ልክ ይሆናል። ትኩሳት ግን ከማንም ላይ ቢመጣ ቀልድ የለውም፤ 38 ዲግሪ ሴልሲየስ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ሰዓት ይደወላል።

ሌላው ሰው የሚያስደነግጠው ቁጥር ክሬአቲኒን ነው። ኩላሊት በደንብ መሥራቱን ለማወቅ የሚለካው ይህ ንጥረ ነገር አቤማሲክሊብ በሚወስዱት ዘንድ በመጀመሪያው ወር ከፍ ይላል፤ ኪኒኑ እስኪቆምም እንደዚያው ይቆያል። ኩላሊቱ ግን አልተጎዳም። መድኃኒቱ ክሬአቲኒን ወደ ሽንት የሚወጣበትን መንገድ ስለሚያጠብ በደም ውስጥ ይከማቻል እንጂ የኩላሊት የማጣራት አቅም አልቀነሰም። ይህን የማያውቅ ሐኪም ለምሳሌ ታካሚዋ ለዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ ሄዳ ምርመራ ብታደርግ «ኩላሊትሽ እየደከመ ነው» ብሎ ሊያስደነግጣት ይችላል። መድኃኒቱን ስሙን ጽፋ መያዝና ማሳየት፣ ካስፈለገም ሲስታቲን ሲ በሚባለው ሌላ ምርመራ ማረጋገጥ ይበቃል። ተቅማጥ አድክሟት ሳለ ከፍ ያለ ክሬአቲኒን ግን የፈሳሽ እጥረትም ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን መለየት የሐኪም ሥራ ነው።

ወዲያው የሚያስጠራ ነገር

ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስና የፀጉር መሳሳት ይመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላሉ፣ ቢነገሩም መፍትሔ አላቸው። ሁለት ነገሮች ግን ሰዓት አይሰጡም።

አንደኛው የደም መርጋት ነው። በሞናርክ-ኢ አቤማሲክሊብ ከወሰዱት 2.5 ከመቶ ያህሉ ላይ ሲታይ ካልወሰዱት ላይ የታየው 0.6 ከመቶ ነበር። ከአቤማሲክሊብ ጋር ታሞክሲፈን የተባለውን የሆርሞን ማገጃ ለሚወስዱት ዕድሉ ከፍ ይላል። አንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ ባት ላይ ሕመምና ሙቀት፣ ድንገተኛ የደረት ውጋት ወይም ትንፋሽ ማጠር ምልክቶቹ ናቸው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የሚደረገው በረራ ከ12 ሰዓት በላይ ያስቀምጣል፤ ተጓዥዋ አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር፣ በመንገድ ላይም እየተነሣች ትንቀሳቀስ፣ ውሃ ትጠጣ።

ሁለተኛው የሳንባ ብግነት ነው። ወደ 3 ከመቶ በሚሆኑት ላይ ይከሰታል። ሳል ያለ ጉንፋን ሲቆይ ወይም ደረጃ ስትወጣ በፊት ያልነበረ ትንፋሽ ማጠር ሲመጣ የምትነግረው ለካንሰር ሐኪሟ ነው እንጂ በቤት ውስጥ በዝንጅብልና በማር የሚታለፍ አይደለም።

በጉዞ ላይ ተቅማጥ ቢይዛት ደግሞ ጥያቄው ሁለት ይሆናል፦ ኪኒኑ ነው ወይስ የጠጣችው ውሃ? አገር ቤት ሆድ ሲታወክ «አሜባ ነው» ወይም «ጃርዲያ ነው» ተብሎ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ የተለመደ ነው። ይህች ሴት ግን ሰገራዋን ሳታስመረምር እንዲህ እንዳታደርግ፤ ኢንፌክሽን ከሆነ ትክክለኛው መድኃኒት ያስፈልጋታል፣ ኪኒኑ ከሆነ ደግሞ ሌላ መድኃኒት መጨመር ይጎዳታል።

ጾምና የቤት መድኃኒት

አቤማሲክሊብ ከምግብ ጋርም ሆነ በባዶ ሆድ ሊዋጥ ይችላል፤ ሁልጊዜ ሰዓቱ ተጠብቆ መዋጡ ነው የሚፈለገው። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ የምትቆይ ሴት ተቅማጥ ሲኖራት ግን ፈሳሽ ከሰውነቷ እያለቀ ነው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ታማሚ ከጾም ይፈቀድለታል፤ ከንስሐ አባቷ ጋር የሚደረግ አጭር ንግግር ሕሊናዋን ያሳርፍላታል። በእስልምናም ቁርኣን ለታመመ ሰው የረመዳንን ጾም አቁሞ በሌላ ቀን እንዲያወጣ ይፈቅዳል። ኪኒኑን በኢፍጣርና በሱሑር ሰዓት ብቻ ለማድረግ የምታስብ ሴትም ሰዓቱን አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር ትወስን።

ከምግብ ወገን የሚከለከለው ወይን ሳይሆን ግሬፕፍሩት የሚባለው ብርቱካን መሰል ፍሬ ነው። ጉበት መድኃኒቱን የሚያፈርስበትን መንገድ ስለሚዘጋ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከልክ በላይ ይሆናል። አንዳንድ የፈንገስ መድኃኒቶችና አንቲባዮቲኮችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ጥቁር አዝሙድ፣ ጤና አዳም፣ ፌጦ ወይም ሌላ የቤት መድኃኒት የምትጠቀም ሴት ለሐኪሟ ትንገር። አፍራ መደበቋ እንጂ መናገሯ አይደለም የሚጎዳት። ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ደግሞ በሕክምናው ጊዜና ከመጨረሻው ኪኒን በኋላ ለሦስት ሳምንት እንዳታረግዝ መከላከያ ያስፈልጋታል።

አስተርጓሚው ማን ይሁን?

በአሜሪካም ሆነ በእስራኤል ብዙ እናቶች ወደ ሐኪም የሚሄዱት ልጃቸውን ይዘው ነው። እናት ስለ ሰገራዋ፣ ስለ ማረጥ፣ ስለ ብልት መድረቅ በወንድ ልጇ አፍ ማስተርጎም ታፍራለች። ልጁም ያፍራል። እናት የተናገረችውን አሳጥሮ «ሆዷ ትንሽ አሟታል» ብሎ ያልፋል፤ ሐኪሙም ለትንሽ የሆድ ሕመም የሚሰጠውን ምክር ሰጥቶ ይሸኛቸዋል። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው፤ አማርኛ አስተርጓሚም ቢያንስ በስልክ ይገኛል። ልጅ አብሮ ቢመጣ መልካም ነው፤ ቃሉን የሚያስተላልፈው ግን ሙያው የሆነ ሰው ይሁን። ስትደውልም «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አስጽፋ ስልኳ ላይ ብትይዝ ሌሊት ላይ ትጠቀምበታለች።

ተመራማሪዎችም ተቅማጡን ገና ሳይመጣ ለመቀነስ ሌላ መንገድ ሞክረዋል። በቦስተን የዳና-ፋርበር የካንሰር ተቋም በመራው ትሬድ በተባለ ጥናት ታካሚዎች ከ150 ሚሊ ግራም አልጀመሩም፤ ለሁለት ሳምንት 50፣ ለሁለት ሳምንት 100፣ ከዚያ 150 እየተባለ ሰውነታቸው እየለመደ እንዲሄድ ተደረገ። አብዛኞቹ ሙሉው መጠን ላይ ደርሰው መዝለቅ ችለዋል። ሆዷ ቀድሞም ስሱ የነበረ፣ ዕድሜዋ የገፋ ወይም ከኬሞቴራፒ ገና ያገገመች ሴት ሐኪሟን «ከዝቅተኛ መጠን መጀመር እችላለሁ?» ብላ ብትጠይቅ ጥያቄዋ የሚደገፍ ነው።

ኪኒኑ በታዘዘበት ቀን ከክሊኒኩ ከመውጣቷ በፊት መጠየቅ ያለባት ሌሎች ነገሮችም አሉ። ሎፐራማይዱን በቀን እስከ ስንት ልውሰድ? ከሥራ ሰዓት ውጭና ቅዳሜ እሑድ የምደውልበት ቁጥር የትኛው ነው? የመጀመሪያው የደም ምርመራ መቼ ነው? በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን ነርሷ ራሷ ልትደውልልኝ ትችላለች? ይህ የመጨረሻው በብዙ የካንሰር ሕክምና ማዕከላት የሚሠራበት ነው፤ ተቅማጡ ሊጀምር በሚችልበት ሳምንት ላይ አንድ የስልክ ጥሪ በቀጠሮ ይያዛል፣ በዚያ ጥሪ ላይም «ደህና ነኝ» ከማለት በፊት በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይነበባል።